ሮኪ ተሸንፏል

በልጅነቴ ሰፈር የነበረችው ቪዲዮ ቤት መስኮቷ በጥቁር ብርድ ልብስ የተጋረደ፣ አንዲት ጠባብ የጭቃ ክፍል ነበረች። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም ነው፤ ቀድሞ የመጣ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፣ የዘገየ መሬት ላይ ቁጢጥ ይላል። ከፊልሙ ንግግር የምንሰማው ጥቂት፣ ከምንሰማውም የሚገባን ከጥቂት ያነሰ ስለነበር፣ ባለቤቱ ጋሼ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመው «አሁን ናቀው»፣ «አሁን ልጅቷን ለመናት»፣ «አሁን ይገለዋል» እያሉ ይተረጉሙልን ነበር። እዚያች ክፍል ውስጥ ያየነው ፊልም ብዙ ነው፤ አብዛኛው ከነርእሱ ጠፍቶብናል። ያልጠፋብን አንድ ሰው ግን አለ፤ ቡጢኛው ሮኪ ባልቦአ። የቀበሌያችን አዳራሽ መግቢያ ሦስት ደረጃዎች ነበሩት። እነዚያን ሦስት ደረጃዎች በሩጫ ወጥቶ፣ ዞሮ፣ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ያልዘረጋ የሰፈራችን ጎረምሳ አልነበረም።

«በመጨረሻ ማን አሸነፈ?» ብሎ የሚጠይቀን ሰው ቢኖር ኖሮ በሞኝነቱ እንስቅበት ነበር። ሮኪ ነዋ!

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ቋንቋው ገብቶኝ፣ ብቻዬን ተቀምጬ ፊልሙን ዳግም ተመለከትኩት። ሮኪ ተሸንፏል። ዳኞቹ ተከፋፍለዋል፤ ነጥቡ ሲደመር ግን የዓለም ሻምፒዮኑ አፖሎ ክሪድ ቀበቶውን እንደያዘ ቀርቷል። ውሳኔው በድምፅ ማጉያ ይነበባል፤ ግን ማን ይሰማዋል? ሙዚቃው ከፍ ብሏል፣ ሕዝቡ ይጮኻል፣ ያበጠ ዓይኑ የተከደነበት ሰውዬ ደግሞ የሚወዳትን ሴት ስም እየደጋገመ ይጣራል። ውጤቱን የጠየቀ የለም፤ እርሱም አልጠየቀም። ጋሼም ያንን አልተረጎሙልንም። ሳይሰሙት ቀርተው ይሁን፣ ወይስ ለልጆች መንገሩ ከብዷቸው፣ እንጃ።

ይህ የማስታወስ ስሕተት የእኛ ሰፈር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፊልሙን እንደወደዱት ከሚነግሩኝ ሰዎች መካከል ፍጻሜውን በትክክል የሚነግረኝ ከስንት አንድ ነው። ተከታዮቹ ፊልሞች፣ ከ1979ኙ ጀምሮ፣ ሮኪን ደጋግመው ስላስቀበሉት ድል የፊተኛው ሽንፈት ተሸፍኗል ማለት ይቻላል። (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው።) እኔ ግን ሌላ ምክንያት ያለ ይመስለኛል። ያንን ሰው የወደድነው በተሸነፈበት ምሽት ነው። ፍቅራችንን ለማስረዳት ቃል ሲያጥረን ድል ጨመርንለት።

እስቲ ታሪኩ እንዴት እንደተወለደ ላስታውስ። ሲልቬስተር ስታሎን በ1975 ስሙ የማይታወቅ፣ ኪሱም የሳሳ ተዋናይ ነበር። በዚያ ዓመት በማርች ወር ቸክ ዌፕነር የተባለ ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው ቡጢኛ ከመሐመድ ዓሊ ጋር ሲጋጠም ተመለከተ። ዌፕነር ያሸንፋል ያለ አልነበረም፤ አላሸነፈምም። ነገር ግን እስከ አሥራ አምስተኛው ዙር ድረስ በእግሩ ቆሞ ነበር፤ ግጥሚያው የተቋረጠው ሊያልቅ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩት ነው። ስታሎን የፊልሙን ጽሑፍ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጻፈው። ፊልሙ በ1976 ወጣ፤ በማግስቱ ዓመት የኦስካርን የምርጥ ፊልም ሽልማት ወሰደ። የታሪኩ ልብ ያለው ከፍልሚያው በፊት ባለችው ሌሊት ነው። ሮኪ ባዶውን አዳራሽ አይቶ ይመለስና ከኤድሪያን ጎን ጋደም ብሎ እንደማያሸንፍ ያውቃል፤ ይነግራታልም። የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የመጨረሻው ደወል ሲደወል ቆሞ መገኘት። ያን ጊዜ ከሰፈሩ ተራ ወሮበላ አንዱ እንዳልሆነ ለራሱ ያውቃል። የገባው ቃል ለራሱ ነው፤ የፈጸመውም ለራሱ ነው። ቀበቶው የሌላ ሰው ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ፊላደልፊያ ልውሰዳችሁ። በከተማዋ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ፊት ለፊት 72 ደረጃዎች አሉ፤ ሮኪ በሩጫ የወጣቸው። ለ1982ቱ ሦስተኛ ፊልም የተሠራ የነሐስ ሐውልት አለው። ሐውልቱ ብዙ ሲንከራተት ቆይቶ በ2006 በእነዚያ ደረጃዎች ግርጌ ቆመ። ሰው ሁሉ አጠገቡ ሄዶ እጁን ወደ ላይ እየዘረጋ ፎቶግራፍ ይነሣል። በዚያችው ከተማ ግን ጆ ፍሬዚየር የሚባል ሥጋና ደም ያለው የዓለም ሻምፒዮን ይኖር ነበር። በ1971 መሐመድ ዓሊን ያሸነፈው እርሱ ነው። በቄራ ሲሠራ የተሰቀለ ሥጋ እየደበደበ የተለማመደውም እርሱ ነው፤ ሮኪ በፊልሙ ሥጋ ሲደበድብ ያየነው ከዚያ የተወሰደ ነው። እንዲያውም ፍሬዚየር በፊልሙ ውስጥ ለአፍታ ወደ መድረኩ ብቅ ይላል፤ እንደ ራሱ ሆኖ፣ ያልነበረውን ሰው ሊያጅብ። ፍሬዚየር በ2011 አረፈ። በከተማዋ ሐውልት የቆመለት በ2015 ነው።

ይህን ስሰማ መጀመሪያ ተናደድኩ። አንባቢም ቢናደድ አልፈርድበትም። ፍሬዚየር ጥቁር፣ ሮኪ ነጭ መሆኑንም ዘንግቼው አይደለም፤ በዚያ አገር እንዲህ ያለው ነገር ያለ ምክንያት አይሆንም። ፍርዱ ቀርቶብኝ ነገሩን ሳሰላስለው ግን ሌላም ነገር አየሁ። የፍሬዚየር ድል የፍሬዚየር ነው። ዓሊን የጣለበት ግራ እጅ የእርሱ እጅ ነው፤ ማንም ተውሶ ሊለብሰው አይችልም። ልናጨበጭብለት እንችላለን፤ ልንሆነው ግን አንችልም። የሮኪ ሽንፈት ግን ለማንም ይበቃል። እነዚያን ደረጃዎች የሚወጣው የደከመው ሁሉ ነው፤ የሰፈራችንን የቀበሌ አዳራሽ ሦስት ደረጃዎችም ጨምሮ።

የፈጠራ ስፖርተኛ ጥቅሙ ይህ ይመስለኛል። እውነተኛው ስፖርተኛ ማሸነፍ አለበት፤ ካላሸነፈ ስሙን አንሰማውም። የፈጠራው ብቻ ነው ተሸንፎ ሊታወስ የሚችለው።

ሲኒማ ራሱ ይህን እውነት የሚፈራበት ጊዜ አለ። በርናርድ ማላሙድ በ1952 «ዘ ናቹራል» የተባለ የቤዝቦል ልቦለድ አሳተመ። ባለታሪኩ ሮይ ሆብስ ታላቅ ተሰጥኦ ያለው፣ ዕድሜው ያለፈበት፣ ሕሊናውም ያልጠራ ሰው ነው። በመጨረሻዋ ጨዋታ፣ ሁሉ ነገር በእርሱ ላይ በተንጠለጠለበት ሰዓት፣ ኳሷን ይስታታል። መጽሐፉ በዚያ ሽንፈትና ኀፍረት ይዘጋል። በ1984 መጽሐፉ ሮበርት ሬድፎርድን ይዞ ፊልም ሲሆን ግን ያው ሮይ ሆብስ ኳሷን መትቶ የስታዲየሙን መብራቶች ያፈነዳቸዋል፤ ብልጭታው እንደ ርችት ይዘንባል። ፊልሙን አየሁት፤ ልቤ ዘለለ፤ አልዋሽም። መጽሐፉን ከዘጋሁ በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ሰው ማነጋገር አልቻልኩም ነበር። ከሁለቱ የትኛው ሮይ ሆብስ አብሮኝ እንደሚኖር መናገር አያስፈልገኝም።

ከአሜሪካ የስፖርት ፊልሞች ሁሉ አንዱን ምረጥ ብባል ግን «ቡል ደርሃም»ን እመርጣለሁ። የወጣው በ1988 ነው። ባለታሪኩ ክራሽ ዴቪስ ይባላል፤ የተጫወተው ኬቪን ኮስትነር። ክራሽ በታችኛው የቤዝቦል ሊግ ያረጀ ሰው ነው። በትልቁ ሊግ የቆየው ሃያ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እነዚያን ሃያ አንድ ቀናት ግን በሕይወቱ ምርጦቹ አድርጎ ይተርካቸዋል። አሁን የሚከፈለው አንድን ጎረምሳ ለማሠልጠን ነው፤ ክንዱ መብረቅ፣ ጭንቅላቱ ባዶ የሆነን ጎረምሳ። ክራሽ የቤዝቦልን ምስጢር ሁሉ ያውቃል፤ ጎረምሳው ምንም አያውቅም። ወደ ትልቁ ሊግ የሚጠራው ግን ጎረምሳው ነው። ዕውቀት ያለው አንዱ፣ ክንድ ያለው ሌላው። እግዚአብሔር ሁለቱን ባንድ ሰው ላይ ለምን አላኖራቸውም ብሎ መጠየቅ የክራሽ ብቻ ጥያቄ አይደለም።

ከዚያ ክራሽ ከቡድኑ ይሰናበታል፤ የተቀጠረለት ሥራ አልቋልና። ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ለሌላ ትንሽ ቡድን ይጫወትና በታችኛው ሊግ ታሪክ ማንም ያላስመዘገበውን ብዛት ያለው ምት ይመታል። ክብረ ወሰን ነው። ጋዜጠኛ የለም፤ አበባ የለም፤ ከመቀመጫው የተነሣም የለም። መትቶ፣ ዙሩን ሮጦ፣ ይወጣል። ለመሆኑ እንዲህ ያለ ክብረ ወሰን የሚኮራበት ነው ወይስ የሚታፈርበት? የታችኛውን ሊግ ክብረ ወሰን የሚሰብር ሰው እዚያ ብዙ የቆየ ሰው ነው፤ ብዙ የቆየውም ወደ ላይ የሚጠራው ስላጣ ነው። ይህችን ነገር የጻፋት ሮን ሼልተን በወጣትነቱ ራሱ በታችኛው ሊግ ተጫውቶ ወደ ትልቁ ሳይደርስ ያቆመ ሰው ነው። ፊልሙንም ያዘጋጀው እርሱ ነው። ያልደረሰ ሰው ብቻ ሊጽፋት የሚችላት ነገር ናት፤ ለዚህ ነው የማምናት።

አንዳንዴ ደግሞ የፈጠራው ሰው ከእውነተኛው ትከሻ ላይ አልወርድ ይላል። ስፓይክ ሊ በ1998 ባዘጋጀው ፊልም ላይ ጂሰስ ሸትልስዎርዝ የተባለውን የቅርጫት ኳስ ልጅ የተጫወተው ሬይ አለን ነው፤ ያኔ የተዋናይነት ልምድ ያልነበረው እውነተኛ ተጫዋች። ልጁ ከአባቱ ጋር ያለው ጠብ፣ የሚገዙትና የሚሸጡት ሰዎች ከበባ፣ ይህ ሁሉ በፊልሙ ውስጥ ቀርቷል። ስሙ ግን አልቀረም። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ2014፣ ተጫዋቾች ቅጽል ስማቸውን በጀርባቸው ጽፈው በሚገቡበት ምሽት፣ ሬይ አለን ለማያሚ ሲጫወት በማልያው ላይ የነበረው ስም ሸትልስዎርዝ ነበር።

ስለ ማስታወቂያዎቹስ? ማስታወቂያ ሽንፈትን ሊታገሥ አይችልም፤ የሚሸጠው ዕቃ አለውና። ጫማውን ያደረገ ሰው ተሸነፈ ብሎ ጫማ የሚሸጥ ነጋዴ የለም። ስለዚህ የማስታወቂያ ሰዎች ብልሃት ፈጠሩ፤ ስፖርተኛቸውን ከሜዳው አወጡት። በ1979 በወጣው የኮካ ኮላ ማስታወቂያ ላይ ጆ ግሪን፣ ያ ግዙፍ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች፣ ተጎድቶ እያነከሰ ወደ መልበሻ ክፍል ሲሄድ እናየዋለን። አንድ ትንሽ ልጅ መጠጡን ይሰጠዋል፤ እርሱም ማልያውን ይወረውርለታል። ሰውዬው እውነተኛ ነው፤ ያ የሚያነክሰው ሰው ግን የፈጠራ ነው። የሚገርመው፣ ሰው የማይረሳው የሚያነክሰውን ነው። በ2003 ደግሞ ሪቦክ ቴሪ ቴት የሚባል ተከላካይ በቢሮ ውስጥ አስቀጠረ፤ ቡናውን ጨርሶ ሳያፈላ የሚሄደውን ሠራተኛ ሁሉ እየተወረወረ መሬት ላይ የሚዘርር። ናይኪ በ1990ዎቹ ፔኒ ሃርዳዌይ ዝምተኛ ሆኖ ቢያስቸግረው ለፋፊ አሻንጉሊት ሠራለት፤ ድምፁን የሰጠው ኮሜዲያኑ ክሪስ ሮክ ነው። በ2012 ካይሪ ኧርቪንግ ሽበትና መጨማደድ ተለጥፎበት፣ አንክል ድሩ ተብሎ፣ ለፔፕሲ ማክስ ሲባል በሰፈር ሜዳ ወጣቶቹን አሳፈረ። በ2018 ሙሉ ፊልም ሆነ፤ አምስቱ ደቂቃ ይበቃ ነበር።

እነዚህ ሁሉ ያስቃሉ። ሳቅ ከሽንፈት ማምለጫ መንገድ ስለሆነ ነው የያዙት። ከነዚህ መካከል አንዱ ብቻ ከማምለጫው ወጥቶ ሄዷል። በ2013 አንድ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ ማስተላለፍ ሲጀምር ለማስተዋወቂያ ቴድ ላሶ የሚባል አሠልጣኝ ፈጠረ፤ የአሜሪካን እግር ኳስ እንጂ የእንግሊዝን እግር ኳስ ፈጽሞ የማያውቅ ሞኝ። ቀልዱ አለቀ፤ ሰው ረሳው። በ2020 ግን ያው ሰው በተከታታይ ድራማ ተመልሶ መጣ። የመጀመሪያው ክፍል ሲጠናቀቅ ቡድኑ ተሸንፎ ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን ይወርዳል። ማስታወቂያ ሳለ ማድረግ ያልቻለውን፣ ከማስታወቂያነት በወጣ በሰባት ዓመቱ አደረገው። ሰው የሆነውም ያን ዕለት ነው።

እስካሁን የጠራኋቸው ስሞች ሁሉ የሌላ አገር ናቸው። ለምን የእኛን አታነሣም የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ወደዚያው እየሄድኩ ነው።

ሮኪ በወጣበት በዚያው በ1976 «ማራቶን ማን» የተባለ ፊልም ወጣ። ደስቲን ሆፍማን የተጫወተው ወጣት በኒውዮርክ የታሪክ ተማሪ ነው፤ በማዕከላዊው መናፈሻ የውኃ ማጠራቀሚያ ዙሪያ ይሮጣል፤ ማራቶን መሮጥ ያልማል። ያለ ኃጢአቱ በአንድ አረመኔ የናዚ ሐኪም እጅ ይወድቃል፤ የጥርስ ሥቃዩን ያየ ሰው አይረሳውም። በሌሊት ከአሳዳጆቹ የሚያመልጠው በሩጫው ነው። ፊልሙ የሚከፈተው ግን በማን ይመስላችኋል? በአበበ ቢቂላ። ሲሮጥ በሚያሳየው ቅጂ፤ ያ ጸጥ ያለ ፊት፣ ያ የማይናወጥ ትከሻ። አበበ ካረፈ ገና ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። የኒውዮርኩ የፈጠራ ሯጭ ሕልም እንዲኖረው እውነተኛ ኢትዮጵያዊ አስፈለገው።

ይህን ባየሁ ጊዜ ኮራሁ፤ ወዲያው ደግሞ አንድ ነገር ከነከነኝ። ልቦለዱ የእነርሱ፣ እውነቱ የእኛ። እነርሱ የሚጠራጠር፣ የሚፈራ፣ የሚያለቅስ ሯጭ ፈጠሩ፤ እኛ ደግሞ የማይናወጠውን ፊት አቀበልናቸው። ከዚያ ወዲህም ብዙ አልተለወጠም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ስለ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በተሠራው «ኢንዱራንስ» ላይ ኃይሌን የተጫወተው ራሱ ኃይሌ ነው። በ2009 ራሴላስ ላቀውና ዴቪ ፍራንክል ያዘጋጁት «አትሌቱ» ደግሞ የአበበ ታሪክ ነው፤ ራሱ ራሴላስ አበበን ሆኖ ይጫወታል። የዚህ ፊልም ጥልቁ ክፍል ድሎቹ አይደሉም፤ ከመኪናው አደጋ በኋላ፣ እግሮቹ አልታዘዝ ካሉት በኋላ ያለው ነው። አዘጋጆቹ የት ላይ መቆም እንዳለባቸው ዐውቀዋል። ሆኖም ሁለቱም ሥራዎች የሻምፒዮን ታሪኮች ናቸው፤ ሻምፒዮን ሲወድቅ እንኳ የሚወድቀው ከከፍታ ነው።

ስሙ ሲጠራ ሁላችንም የምንግባባበት፣ ከልብ ወለድ የተወለደ ኢትዮጵያዊ ሯጭ ማን ነው? ጓደኞቼን ጠየቅሁ። ሁሉም ዝም አሉ፤ ከዚያ አንዱ «እውነተኛ ጀግና የሞላበት አገር የፈጠራ ጀግና ምን ያደርግለታል?» አለኝ። ጥሩ ክርክር ነው። ግን አልተቀበልኩትም።

አንደኛ፣ የእውነተኛውን ጀግና ጓዳ መክፈት ነውር ነው። ሚስቱ አለች፣ ልጆቹ አሉ፣ እኛም ይሉኝታ አለን። ከሩጫው በፊት በነበረችው ሌሊት ምን ፈራ? ከማን ጋር ተጣላ? ገንዘቡን ማን በላበት? እነዚህን ስለ ኃይሌ ወይም ስለ ደራርቱ ቱሉ ብጽፍ ሐሜት ነው፤ ስለ አንድ የፈጠራ ሰው ብጽፍ ግን ልቦለድ ነው፤ ሁላችንም ራሳችንን እናይበታለን። ሁለተኛውና ዋናው ግን ሌላ ነው። በ1960 በሮም አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ያሸነፈበትን ማራቶን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። በዚያው ማራቶን፣ በዚያው ሌሊት፣ በዚያው ጎዳና፣ ሌላ ኢትዮጵያዊ ሰባተኛ ሆኖ ገብቷል። አበበ ዋቅጅራ ይባላል። ስንቶቻችን እናውቀዋለን? ከዓለም ሰባተኛ! ያውም ስሙ ከአሸናፊው ስም ጋር አንድ ነው፤ «አበበ» እያለ የሚጮኽ ሰው በመንገዱ ዳር ኖሮ ከሆነ፣ የሰማው የትኛው ነው? እኔ ደራሲ ብሆን ከዚች ጥያቄ እጀምር ነበር።

በእንጦጦ፣ በሱሉልታ፣ በሰንዳፋ ጎሕ ሲቀድ የሚሮጡትን ልጆች ያላየ ይኖራል? ለኦሊምፒክ አንድ አገር በአንድ ርቀት የሚያሰልፈው ቢበዛ ሦስት ሰው ነው። እንግዲህ በአሥር ሺህ ሜትር ከኢትዮጵያ አራተኛ የሆነውን ልጅ አስቡት። ከእርሱ የሚዘገዩ ብዙዎች፣ የሌላ አገር ልጆች ስለሆኑ ብቻ፣ በኦሊምፒኩ ሜዳ ላይ ይሰለፋሉ፤ እርሱ ቤቱ ተቀምጦ በቴሌቪዥን ያያቸዋል። ሚኒማ አሟልቶ የቀረ፣ በጉዳት የቀረ፣ ለቤተሰቡ ቤት ሳይሠራ ዕድሜው ያለፈበት፣ ከክለብ ተሰናብቶ ጥበቃ ሆኖ የተቀጠረ... የእነዚህን ታሪክ ጋዜጠኛ አይጽፈውም፤ ዜና አይደለማ። ታሪክ ጸሐፊም አይጽፈውም፤ ሜዳልያ የለውማ። የቀረው ልቦለድ ብቻ ነው፤ እርሱም እስካሁን አልመጣም።

«ታዲያ ለልጆቻችን መሸነፍን ልናስተምራቸው ነው?» የሚል ሙግትም ሰምቻለሁ። በ1962 የተሠራ አንድ የእንግሊዝ ፊልም አለ፤ ከአለን ሲሊቶ አጭር ልቦለድ የተወሰደ። ኮሊን ስሚዝ የሚባል ወጣት በጥፋቱ ማረሚያ ቤት ገብቶ ሳለ ሩጫ ላይ ጎበዝ ሆኖ ይገኛል። የማረሚያው ኀላፊ ዋንጫ ይፈልጋል፤ ልጁን ያባብለዋል፣ ያቀርበዋል። በውድድሩ ቀን ኮሊን ሁሉን ጥሎ ይመጣና መድረሻው ፊት ለፊት ይቆማል። ዝም ብሎ ይቆማል። የሌላው ትምህርት ቤት ልጅ ያልፈዋል፤ ሰው ይጮኻል፤ እርሱ ኀላፊውን እያየ ፈገግ ይላል። ያ ልጅ ተሸነፈ? እግሮቹ የማን እንደሆኑ ያወቀው እኮ እርሱ ብቻ ነው። ለልጄ ይህን ፊልም ባሳየው ሰነፍ ይሆንብኛል ብዬ አልሰጋም።

እኔን ሌት ተቀን የሚያባትለኝ ግን አሯሯጩ ነው። በትልልቅ የከተማ ማራቶኖች ፍጥነቱን እየጠበቀ የሚመራ፣ ለዚያም የሚከፈለው ሰው። አብዛኛውን ጊዜ እስከ 30ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ይመራና ይወጣል። ሥራው መውጣት ነው። በ1994 በሎስ አንጀለስ ፖል ፒልኪንግተን የተባለ አሯሯጭ ሌሎቹ ሳይከተሉት ቢቀሩ አልወጣም ብሎ ሮጦ ማራቶኑን አሸንፏል፤ ሆሊውድ ቢሆን ይህንኑ ይመርጥ ነበር። እኔ የምፈልገው የወጣውን ነው። አገሩ በቆጂ አካባቢ ይሆናል። የላከው ገንዘብ የእናቱን ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ አልብሷል፤ ቴሌቪዥንም ገዝቷል። የውድድሩ ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል፤ ቡናው ተፈልቷል። ልጁ ከፊት ነው! ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሙሉ ከፊት ነው። እልል ይባላል። ከዚያ ወደ መንገዱ ዳር ይወጣል፤ ካሜራው አይከተለውም፤ ከመሪዎቹ ጋር ይሄዳል። እናትየው ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግተው ከሚሮጡት መካከል ይፈልጉታል።

«ልጄ የት ሄደ?» ይላሉ።